አልፈታም ያለችው የወይዘሮ ተዋበች ብሎን

ቀረብ በሉ፤ ቀረብ በሉና ስሙ። ወሊሶ ውስጥ ወይዘሮ ተዋበች የሚባሉ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ አሉ። ትንሽ ኮምፒውተር አለቻቸው፤ ሳጥኗ ከአንድ ዳቦ ብዙም አትበልጥም። የሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች የሚመረቁበትን ወረቀት በየዓመቱ የሚያትሙት በሷ ነው። ዘንድሮ ታዲያ ምረቃው ነገ ሊሆን፣ አርባ ስድስት ሕፃናት ጋዋናቸውን አስተኩሰው ሲጠብቁ፣ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ አለና ጸጥ አለ።

ደግነቱ የልጆቹ ስም ፍላሽ ላይ ተቀምጧል። አዲስ ሃርድ ዲስክም ወዲያው ገዙ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ግን "ሰኞ ያምጡት" አላቸው።

"ሰኞ? ሰኞማ ልጆቹ ተመርቀው ተበትነዋል! ተወው፣ ራሴ እቀይረዋለሁ።"

ኮምፒውተሯን ከሶኬት ነቀሉ፤ ጠረጴዛ ላይ አጋደሟት፤ በቢላዋ ጫፍ የክዳኗን ብሎን ሞከሩ። ወይ ፍንክች! ቀጭን ካቻቢቴ ካልመጣ አልፈታም አለች።

ቀጭን ካቻቢቴ ያለው ሰዓት ሠሪው አቶ ደርብ ጋ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

"አቶ ደርብ፣ እባክዎ ቀጭን ካቻቢቴ ያውሱኝ።"

"በደስታ ነበር" አሉ አቶ ደርብ፣ የመሣሪያ ሳጥናቸውን እየዳበሱ። "ግን ሠላሳ ካቻቢቴ አለኝ፤ ያለ መነጽር ሁሉም አንድ ነው። መነጽሬን ደግሞ ጸጉር አስተካካዩ ተክሉ ወስዶታል።"

እንግዲህ መነጽሩ ካልመጣ ካቻቢቴው ከሳጥን አልወጣም አለ፤ ካቻቢቴው ካልወጣ ብሎኗ አልፈታም አለች፤ ልጆቹም ያለ ወረቀት ሊመረቁ ነው።

ተክሉ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ፣ ግማሽ ጭንቅላቱ የተስተካከለ ሰውዬ ላይ አጎንብሷል።

"ተክሉዬ፣ የአቶ ደርብን መነጽር ስጠኝ።"

"ወይ እትዬ! ንፋሱ የሱቆቹን የመብራት ገመድ በጥሶት ማሽኔ መሃል ላይ ቆመ። ይኸው በመቀስ እየጨረስኩለት ነው። መነጽሩን ካወለቅሁ የሰውየው ጆሮ አብሮ ይሄዳል።"

ሰውየው ጆሮውን በእጁ ሸፈነ። "እትዬ፣ ስለ እግዜር ይተዉለት!"

እንግዲህ መብራቱ ካልመጣ መነጽሩ ከአፍንጫ አልወርድም አለ፤ መነጽሩ ካልወረደ ካቻቢቴው ከሳጥን አልወጣም አለ፤ ካቻቢቴው ካልወጣ ብሎኗ አልፈታም አለች፤ ልጆቹም ያለ ወረቀት ሊመረቁ ነው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኢተፋ የገመድ ጥቅል አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል።

"ልጄ፣ ገመዱን ቀጥለው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?"

"በምን ልውጣ እትዬ፣ በክንፍ? መሰላሌን ባለሱቋ ዘይነባ ወስዳ አጥር አድርጋዋለች።"

እንግዲህ መሰላሉ ካልተነቀለ መብራቱ አልመጣም አለ፤ መብራቱ ካልመጣ መነጽሩ ከአፍንጫ አልወርድም አለ፤ መነጽሩ ካልወረደ ካቻቢቴው ከሳጥን አልወጣም አለ፤ ካቻቢቴው ካልወጣ ብሎኗ አልፈታም አለች፤ ልጆቹም ያለ ወረቀት ሊመረቁ ነው።

የዘይነባ ጓሮ ውስጥ መሰላሉ በአግድሙ ተኝቶ፣ ጆንያ ለብሶ፣ የተቀደደውን አጥር ደፍኗል። ከወዲህ ዘጠኝ ዶሮና አንድ አውራ ዶሮ፤ ከወዲያ የጎረቤት ጎመን።

"በአላህ እትዬ!" አለች ዘይነባ። "እሱ ከተነሳ ዶሮዎቼ ጎመኑ ላይ ናቸው። ትናንት አንድ መደብ ጨርሰው ስንት ተሰደብኩ! ክፍተቱ ላይ የሚቆምልኝ ሰው ካለ ግን ይውሰዱት።"

"ኢተፋን አልጠየቅሽውም?"

"ሥራ አለኝ ይላል።"

"ተክሉንስ?"

"እሱም ሥራ አለኝ ይላል።"

እንግዲህ ሰው ካልቆመ መሰላሉ አልነቀልም አለ፤ መሰላሉ ካልተነቀለ መብራቱ አልመጣም አለ፤ መብራቱ ካልመጣ መነጽሩ ከአፍንጫ አልወርድም አለ፤ መነጽሩ ካልወረደ ካቻቢቴው ከሳጥን አልወጣም አለ፤ ካቻቢቴው ካልወጣ ብሎኗ አልፈታም አለች፤ ልጆቹም ያለ ወረቀት ሊመረቁ ነው።

ወይዘሮ ተዋበች ግራ ቀኝ አዩ። ሠላሳ ዓመት መንግሥት ቤት ሲሠሩ ዶሮ ጠብቂ ያላቸው አለቃ የለም። አርባ ስድስቱ ጋዋን ትዝ አላቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ክፍተቱ መሃል ገቡ፤ ክንዳቸውን ዘረጉ።

"በይ ውሰጂለት!"

ያኔ መሰላሉ ተነቀለ፤ ኢተፋ ወጣ፤ ገመዱ ተቀጠለ፤ መብራቱ መጣ፤ የተክሉ ማሽን ዝዝዝ አለ፤ መነጽሩ ከአፍንጫ ወረደ፤ ካቻቢቴው ከሳጥን ወጣ። አቶ ደርብ ራሳቸው ይዘውት ሲመጡ ወይዘሮ ተዋበች "እሽ! እሽ!" እያሉ ከአውራ ዶሮው ጋር ተፋጠዋል።

"ውይ! ወይዘሮ ተዋበች፣ ምን ሆነው ነው?"

"አጥር ሆኜ!"

መሰላሉ ሲመለስ ቤታቸው ሮጡ። ብሎኗ ሦስቴ ዞራ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ከሁለት ገመዶቹ አላቀቁ፤ አዲሱን በቦታው አስቀምጠው ገመዶቹን ሰኩ፤ ክዳኑን ገጠሙ። ሻጩ በፍላሽ የሰጣቸውን ሲስተም ለመጫን ኮምፒውተሯን መልሰው ሶኬት ላይ ሰኩና ቁልፉን ተጫኑ። ጨለማ። አሁንም ጨለማ። ከዚያ ቦግ!

"እሰይ!" ብለው ለብቻቸው አጨበጨቡ።

በማግስቱ አርባ ስድስቱም ልጆች ወረቀታቸውን እያውለበለቡ ከመድረክ ወረዱ።

"ኮምፒውተሩን ማን ሠራልዎት?" አለች ርዕሰ መምህሯ።

"ራሴ ነኛ!"

ቤታቸው ገብተው ጠረጴዛውን ሲወለውሉ አንዲት ብሎን ከጨርቁ ሥር ተንከባለለች። ኮምፒውተሯን አዩ፤ ብሎኗን አዩ። ኮምፒውተሯ ደህና ትሠራለች። ብሎኗን መሳቢያ ውስጥ ወርወር አደረጉና መሳቢያውን በቀስታ ዘጉት። ለማንም አልተናገሩም፤ እናንተም እንዳትናገሩባቸው።