ጠብቃ የምትነበበው «ረ»

ተረት ላወራ ነው፤ ጠጋ በሉ። የተጠጋ ይሰማል፤ የራቀ ከተጠጋው ይጠይቃል።

ዕቃም እንስሳም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት አገር አያ ምንውዬለት የሚባሉ ሰው ነበሩ። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ስሙ ስንሻው። አንድ ቀን በሬያቸው ገደል ገባ። ጥፋቱ የስንሻው አልነበረም። አባትየው ግን በጎረቤት ፊት በጅራፍ ገረፉት። ልጁ አላለቀሰም። በነጋታው ሄደ። ሩቅ አገር ወርዶ የድንጋይ ማውጫ ካባ ውስጥ ድንጋይ ይፈልጥ ጀመር።

እኔም በዚያ ዕድሜ ድንጋይ ፈልጫለሁ። መዳፍ ይላጣል፤ ይደርቃል፤ እንደገና ይላጣል። እሱን እንተወው።

ሰባት ዓመት አለፈ። የአያ ምንውዬለት ዓይን መድከም ጀመረ። መጀመሪያ ተራራው ጠፋባቸው። ቀጥሎ ዛፉ ጠፋባቸው። ቀጥሎ የአጥራቸው በር ጠፋባቸው። ይኼኔ ስልክን፣ እስክሪብቶንና ወረቀትን ሰበሰቡ። አህያቸውም በበሩ አንገቷን አስገባች።

«ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ የልጄን ፊት ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። «ግን ስለ ዓይኔ አንዳችሁም እንዳትነግሩት። አዝኖልኝ እንዲመጣ አልፈልግም። ወዶ ይምጣ።»

«አንነግርም» አሉ ሁሉም።

ስልክ ብልጭ አለ። «ይኼ ለእኔ የተተወ ሥራ ነው። እናንተ ጫማችሁን አስራችሁ ሳትጨርሱ እኔ ደርሼ እመለሳለሁ።»

«እዚህ ቤት ጫማ ያለው ማን ነው?» አለች አህያ።

«እኔስ ያለኝ ቆብ ብቻ ነው» አለ እስክሪብቶ።

ስንሻው የአባቱን ጥሪ አያነሳም ነበርና አያ ምንውዬለት ተናገሩ፤ ስልክ ጻፈ። «‹ና› በለው» አሉት። ስልክ «ና» ብሎ ላከ። ስንሻው ካባው ላይ ሆኖ አየው። አባቱ ሊገርፉት ሲሉ የሚጠሩት እንዲሁ ነበር። «ዛሬም ያዝዘኛል!» አለና የራሱን ስልክ ኪሱ ከተተው።

«ምን አለ?» አሉ አያ።

«አይቶታል። መልስ የለም።»

በሁለተኛው ቀን ስልክ መላ አመጣ። «እንቁጣጣሽ ነው። የተዘጋጀ አበባ አለኝ፤ የተዘጋጀ ምርቃት አለኝ። እሱን ልላክለት» አለ። ላከ። ስንሻው ከፈተው። ያንኑ አበባ ከነምርቃቱ የካባው ዘበኛም ልኮለት ነበር። ዘጋው።

በሦስተኛው ቀን አያ «‹አትረሳም› በለው» አሉ፤ «ረ»ን ጠበቅ አድርገው። እዚህ ቤት ማንም አይረሳህም ማለታቸው ነው። ስልክ ጻፈ፤ «አትረሳም»። ስንሻው ግን «ረ»ን አላልቶ አነበባት። አንተ መቼም አትረሳም፤ ቂመኛ ነህ ያሉት መሰለው።

«ገርፎኝ ሲያበቃ ቂመኛው እኔ ሆንኩ?» አለ። የአባቱን ቁጥር ዘጋው።

«አያ፣ ዘጋብኝ» አለ ስልክ።

«ምን ብለህ ጽፈህ ነው?»

«ያሉኝን።»

«አጥብቀህ ነው አላልተህ?»

«እኔ እንጃ። እኔ አደርሳለሁ እንጂ አላነብም።»

አያ ምንውዬለት አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ከአሮጌ ደብተር የተገነጠለችው ወረቀት «እስቲ እኔን ይሞክሩኝ» አለች።

ስልክ ሳቀ። «አንቺን? አንቺ እስክትደርሺ ልጁ የልጅ ልጅ ያያል!»

«ልዘግይ። እኔን ማጠፍ እንጂ መዝጋት አይቻልም።»

አያ እስክሪብቶውን አነሱ። ደርቆ ነበር። «ሰባት ዓመት ማን ጠየቀኝ?» ብሎ አኮረፈ። በመዳፋቸው አሹት፤ ተነፈሱበት፤ ጫሩት። በሦስተኛው ጭረት ቀለም ተፋ።

ጻፉ። «ይድረስ ለልጄ ለስንሻው። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከአንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። የበሬው ጥፋት የአንተ አልነበረም።» ቀጥለው «ይቅር በለኝ» ብለው ጻፉ። አባት ልጁን እንዲህ ይላል? ሰረዙት። ቆዩና እንደገና ጻፉት። በመጨረሻ «አትረሳም» አሉ። የኔታ በልጅነታቸው እንዳስተማሯቸውም «ረ» አናት ላይ ሁለት ነጥብ አኖሩ፤ ጠብቃ እንድትነበብ። ስንሻውንም ፊደል ያስቆጠሩት አያ ራሳቸው ስለሆኑ ምልክቷን ያውቃታል።

ቁራ ጣሪያው ላይ ሆኖ «እኔ ላድርስ!» አለ።

«አንተ ይቅርብህ!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ቁራ ተልኮ ሲመለስ ማን አይቶ ያውቃል?

አህያ ወሰደቻት። አንድ ቀን ወንዝ፣ አንድ ቀን አቧራ፣ አንድ ቀን ዳገት። ደረሰች።

ስንሻው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወረቀቷን ዘረጋ። የተሰረዘውን ወደ ፀሐይ አድርጎ አነበበው። ከሥሩ እንደገና የተጻፈውንም አነበበው። «ረ» ላይ ሲደርስ ሁለቱን ነጥቦች በጣቱ ነካቸው። «አትረሳም» አለ፤ ጠበቅ አድርጎ። መዶሻውን አስቀመጠ። «ለገና አገሬ እገባለሁ» አለ።

ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመረ። አሁን ያየው መስመሩን ነበር። የመንደሩ ማመልከቻ ሁሉ በአባቱ እጅ ነበር የሚጻፈው፤ እንደ ክር የተወጠረ ጽሑፍ ነበር። ይኼኛው ግን ቁልቁል ይወርዳል። ሦስተኛው መስመር ሁለተኛው ላይ ወጥቷል። አንዱ ቃል ከጠርዙ አልፎ ግማሹ ቀርቷል።

«ወረቀት፣ አባቴ ምን ሆነ?»

«‹ደህና ነኝ› ብለዋል። የተጻፈብኝ ይኼው ነው።»

«የተጻፈብሽንማ አነበብኩት። አያይም እንዴ?»

ወረቀት ተመልሳ ታጠፈች። ቃል ገብታለች። ስንሻው ገናን አልጠበቀም፤ ያኔውኑ አህያዋን ተከትሎ ተነሳ።

አያ ምንውዬለት ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ስንሻው ተንበርክኮ ፊቱን ወደ ፊታቸው አስጠጋ። ትንፋሻቸው እስኪነካው ተጠጋ። ሽማግሌው ብዙ አዩት።

«ጢም አብቅለሃል» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«አያምርብህም።»

«እላጨዋለሁ።»

«ተወው። ትንሽ ልየው።»

ስልክ ወደ ወረቀት ዞሮ አንሾካሾከ። «ነገርሽው አይደል? ስለ ዓይናቸው ነገርሽው!»

«እኔ ምንም አልተነፈስኩም» አለች ወረቀት። «ያሳበቀባቸው የገዛ እጃቸው ነው።»

እንግዲህ ለምትወዱት ሰው በእጃችሁ ጻፉለት፤ መስመሩ ቢጣመምም ይሂድ፤ አፍ የደበቀውን እጅ ይነግራል። ተረቴን አጥፌ ሰጠኋችሁ፤ ለሌላው ዘርግታችሁ አንብቡለት።