ጫማ አጠገብ የተቀመጡት ሸህ

ግንብ በዞራት በአንዲት የጥንት ከተማ፣ ሸህ ቡሽራ የሚባሉ ቆዳ ሰፊ አዛውንት ይኖሩ ነበር። የቁርኣን ማህደርና የጩቤ አፎት ይሰፋሉ።

በመስጊዱ ጎን ጎረምሶች ሐሙስ ሐሙስ መንዙማ የሚሉበት ቤት አለ። ማን እንደደነገገው አይታወቅም፤ ጩቤ የታጠቀ መደብ ላይ ይቀመጣል፣ ያልታጠቀ በሩ ሥር፣ ጫማ አጠገብ። የአሥራ አምስት ዓመቱ ሐሚድ ቦታው ጫማ አጠገብ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ሸሁ ዘንድ መጣ።

«አባ ሸህ፣ አፎትና እጀታ ብቻ ይሥሩልኝ። ውስጡን ገለባ ይሙሉት።»

«ለምን፣ ልጄ?»

«መደብ ላይ የሚቀመጠው ጧሂር ‹ባዶ ወገብ› እያለ ይጠራኛል። እህቶቼ ሳይቀሩ ሰምተዋል። እምቢ ካሉኝ የእውነቱን ጩቤ እፈልጋለሁ።»

ሸሁ አልተቆጡም። መርፌያቸውን አስቀመጡ።

«ገለባ መሆኑን የምናውቀው አንተና እኔ ነን። የተጣላችሁ ቀን ጧሂር ይህን አያውቅም፤ ፈርቶ ቀድሞ ይወጋሃል። ወላሂ፣ ይህን አልሰፋም።»

ሐሚድ አንገቱን ደፋ። ዛሬስ መንዙማው ቤት በምን ፊት ይገባል?

ሸሁ ተነሡ። ካባታቸው የወረሱትን ጩቤ ከወገባቸው ፈትተው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። የልጁን እጅ ይዘው ወደ መንዙማው ቤት ገቡ።

«አባ ሸህ፣ ጩቤዎን ረሱት እንዴ?» አለ ጧሂር ከመደቡ ላይ። «ወይስ የሐሚድ በሽታ ተጋባብዎ?» መደቡ ሁሉ ሳቀ።

«ተጋባብኝ» አሉና ጫማው አጠገብ፣ ከሐሚድ ጎን ቁጭ አሉ።

ሳቁ ቆመ። እዚያ አገር ሽማግሌ መሬት ተቀምጦ ልጅ ከፍ አይልም።

«ኧረ በአላህ፣ ወደ ላይ ይምጡ!» አሉ ጎረምሶቹ።

«እዚህ ተመችቶኛል።»

አንድ በአንድ ወረዱ። ጧሂርም ወረደ፤ መሬት ሲቀመጥ ግን እጀታው ሆዱን ወጋው። ተቁነጠነጠ፣ ቀበቶውን አላላ፣ በመጨረሻ ጩቤውን ፈትቶ ከኋላው አኖረው። ሐሚድን ሳቅ አመለጠው። ጧሂር ገላመጠው፤ ከዚያ እሱም ሳቀ።

«ጠጋ በል እንጂ፣ አንተ» አለው።

ሸሁም እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ካልሰጋ፣ ክብራችሁ ያ ነው።»

እኛ አባቶች ልጆቻችንን «ስለት እንዳትይዝ» እንላለን። ልጃችን ሳይዝ ሲቀር ጓደኞቹ የት እንደሚያስቀምጡት ግን አንጠይቅም። ሸህ ቡሽራ ከለከሉ፤ ከልክለውም አብረው ተቀመጡ። ልጁ በሕይወት ያለለት አባት ዛሬውኑ ሄዶ አጠገቡ ይቀመጥ። አላህ ያሉትን ይጠብቅልን፤ የቀደሙንንም በራሕመቱ ይቀበልልን።