ሙሌቷና ፈገግተኛው ዶልፊን

ተረት ላውራችሁ፤ እናንተም «እሺ» እያላችሁ አድምጡኝ።

ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ቦታ ሙሌት የሚባሉ ዓሦች ይኖሩ ነበር። ፈገግታ የማይለየው ዶልፊን ጧት ጧት እየመጣ፣ «ሻርክ እየመጣ ነው፤ ልጆቻችሁን ወደ ዳር ላሽሽላችሁ» ይላቸዋል። የሄዱት ልጆች ግን አይመለሱም።

የእሷም ልጆች የቀሩባት አንዲት ቁጡ ሙሌት አንድ ቀን ዶልፊኑ የጎረቤቶቿን ልጆች ሲወስድ ከኋላ ተከተለቻቸው። ዘልላ ከውኃው ብቅ ስትል፣ ልጆቹ በመረብ ተይዘው ሲንፈራገጡ፣ ዶልፊኑም ከአንድ ዓሣ አጥማጅ እጅ ድርሻውን ሲቀበል አየች። ደሟ ፈላ።

በማግስቱ ዶልፊኑ ሲመጣ በሁሉም ፊት ተጋፈጠችው።

«ሻርክስ ጥርሱን አሳይቶ ነው የሚበላኝ፤ አንተ ግን እየሳቅህ ልጆቼን ለዓሣ አጥማጅ አስበላህብኝ! ዓይንህን እንዳላይ፣ ጥፋ ከዚህ!»

«እኔ እኮ ለእናንተው ብዬ ነው» አለ፣ አሁንም ፈገግ እንዳለ። የሰማው ግን አልነበረም፤ ሙሌቶቹ በሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት ወደ ጥልቁ ወረዱ።

ዶልፊኑ ብቻውን ወደ ዳር ሄደ። አጥማጁ መረቡን ይዞ ይጠብቀው ነበር።

«ዓሣው የታለ?» አለው።

«ዛሬ እምቢ አሉኝ፣ ጌታዬ።»

አጥማጁ ከራሱ እስከ ጭራው አየውና፣ «ታዲያ አንተስ ዓሣ አይደለህም?» ብሎ መረቡን ወረወረበት።