ያልተጨረሰው የአያ ጅቦ ሙሾ

አንድ ጊዜ፣ አውሬውና የቤት እንስሳው በአንድ ዕድር ይቀባበሩ በነበረበት በዚያ በደጉ ዘመን፣ እመት አህዪት የምትባል አልቃሽ ነበረች። የዛሬ አልቃሽ ለሟች ሁሉ «ደግ ነበር» ብሎ ይገላገላል። እሷ የእያንዳንዱን አመል በስሙ ትጠራው ነበር። ደንቧም መጀመሪያ ጉድፉን፣ ከዚያ «ግን» ብላ የሚናፈቅበትን መናገር ነበር።

በሬ የሞተ ጊዜ «ግልፍተኛ ነበር፤ ግን ቂም አያውቅም» ስትል፣ ቀንዱን የቀመሱት ሳይቀሩ አለቀሱ። ጦጢትንም «ቀባጣሪ ነበረች፤ ግን የጎረቤት ምስጢር አታወጣም» አለቻት። እንዲህ ያለ ሙሾ ዛሬ ከየት ይመጣል? በጣም ይናፍቃል።

አያ ጅቦ ከጦጢት ቀብር ሲመለስ ሐሳብ ገባው።

«እኔስ ምን እባል ይሆን?» አላት ቀበሮን።

«ሄደህ ጠይቃታ» አለች ቀበሮ፣ ከንፈሯን እየላሰች። «ክፉ ከተናገረችህ ጥርስህ የት ሄዶ? ለእኔም አጥንት አይጠፋም።»

ጅብ አህዪትን ሣር ስትግጥ አገኛት።

«እመት አህዪት፣ ስሞት ምን ብለሽ ታለቅሺልኛለሽ?»

«ሙሾ በቁም አይነገርም፣ አያ ጅቦ።»

«ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

አህዪት አዘነችለት። የእሱን ሙሾ ካሰበችበት ቆይታለች። ዓይኗን ጨፈነችና በዜማ ጀመረች።

«ሆዳም ነበር…»

ጅብ ደሙ ፈላ፤ ዘሎ ተከመረባት። «ግን» የምትለዋ ቃል ከአፏ ስትወጣ ጥርሱ አንገቷ ላይ ነበር።

ሲጠግብ ቁጣው በረደለት። ያቺ «ግን» ብቻ ጆሮው ውስጥ ቀረች።

«ቀበሮ፣ ከዚያ በኋላ ምን ልትል ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ? የምታውቀዋን በልተሃታል» አለች ቀበሮ አጥንቷን እየቆረጠመች።

ጅብ እስኪያረጅ ድረስ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ፣ ታሪኩን ነግሮ «እስቲ ምን የሚናፈቅ ነገር አለኝ?» ይል ነበር። ሁሉም ያስባል፣ ይቸገራል፣ መንገዱን ይቀጥላል። እንደ አህዪት የሌላውን አመል የሚያይ ዓይን ያለው አልተገኘም።

ሲሞት ዕድርተኛው እንደ ደንቡ ተሰበሰበ። አልቃሽ ስላልነበረ በግ ተነሥቶ «ሆዳም ነበር፤ ግን…» አለና ቆመ። ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። በግ የሚጨምረው አላገኘም። ሲመሽባቸው አፈሩን መለሱበት።

ከዚህ የምንማረው፣ ጉድፋችንን በስሙ የሚጠራው አፍ ደግነታችንንም የሚያውቀው ያው አፍ ስለሆነ፣ ነገሩን ሳይጨርስ እንዳንዘጋው ነው።