የሹፌሩ ሃይድራንጃ

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁትም፤ «ለአዲሱ ግቢዬ ቀጋ ይሻላል ወይስ ሃይድራንጃ?» ነው ያልከኝ። ችግኝ ሻጭ ነኝና ሁለቱንም አሸክሜ ልሸኝህ እችል ነበር። ግን እዚህች ድንጋይ ላይ ተቀመጥና መጀመሪያ የዚህን ሰውዬ ነገር ስማ።

ሹፌሩ ከወሩ ሃያ አምስቱን ቀን መንገድ ላይ ነው። ወደብ ይወርዳል፣ ይጭናል፣ ይመለሳል፣ ያራግፋል፣ ልብሱን ቀይሮ እንደገና ይወርዳል። በረሃውን ሲያቋርጥ የሚያየው ድንጋይና ፍየል ብቻ ስለሆነ ዓይኑ አረንጓዴ ይርበዋል። አንድ ቀን ካደረበት ሆቴል በረንዳ ሥር ሃይድራንጃ አየ። ቅጠሉ ሰፋፊ፣ አበባው የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ድፍን ሰማያዊ። ቆሞ ቀረ። የሆቴሉን አትክልተኛ ለምኖ ሥር የያዘ ቅርንጫፍ ወሰደ። ጋቢና ውስጥ ከወንበሩ ጎን አስቀምጦ፣ ከሚጠጣው ውሃ እያካፈለ ቤቱ አደረሰው።

ሚስቱ የደጋ ልጅ ናት። የእናቷ ቤት አጥር ከዳር እስከ ዳር ቀጋ ነው። ሲጋቡ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከእናቴ አጥር አንድ የቀጋ ሥር አምጥቼ መስኮቱ ሥር ልትከል።»

ሳቀባት። «ሰው ከብት እንዳይገባበት የሚያጥረውን እሾህ አንቺ መስኮት ሥር?» አላት። ከዚያም እዚያው መስኮት ሥር ሃይድራንጃውን ተከለው። «እኔ ስሄድ እሱን እያየሽ ታስቢኛለሽ» አለ። ከፍቅር ነው ያለው። አልዋሸም።

ክረምቱን አበባው ጉድ አሰኘ። ዝናቡ ሲያቆም ግን ሃይድራንጃ ጠባዩን አወጣ። ጠዋት ቀጥ ብሎ የነበረው ቅጠል ቀትር ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ውሃ ካገኘ ማታ ቀና ይላል። በነጋታው ያው ነው። በዚያ ሰፈር ደግሞ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ማክሰኞና ዓርብ። ሴትዮዋ በጀሪካን ቀድታ በርሜል ውስጥ ታጠራቅማለች፣ ከመታጠቢያዋ ትቀንሳለች፣ ልብስ ያለቀለቀችበትን ሳይቀር ለአበባው ታደርሳለች። ሹፌሩ ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚያውቀው ከመንገድ ሲገባ በርሜሉ ሙሉ መሆኑን፣ አበባውም መፍካቱን ነው።

የአባቷ ሙት ዓመት ደረሰ። ደወለችለት።

«ሦስት ቀን ደርሼ ብመጣስ?»

እሱ መንገድ ዳር ጎማ እያስቀየረ ነበር። «አበባውንስ ማን ሊያጠጣው ነው?» አላት፤ ግማሹ ቀልድ ነበር።

«እውነትህን ነው» አለችና ዘጋች። አልሄደችም። እሱም ጎማው ተቀየረለትና መንገዱን ቀጠለ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ከወደብ ሲመለስ ቤቱ ተቆልፎ አገኘው። ጥሩምባ ነፋ፤ የሚከፍት የለም። ጎረቤቱ እማማ አትጠገብ ከደጃፋቸው ሳይነሱ ቁልፉን ዘረጉለት። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ከደጃፋቸው ርቀው አይሄዱም።

«የት ሄደች?» አላቸው።

«እናቷ ወድቃ እግሯ ተሰበረ ብለው ላኩባት። ሄደች።»

«ምን ብላ?»

«‹ውሃው ማክሰኞና ዓርብ ነው በሉት› ብላ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን ትበል ልጄ? ይሄው ነው።»

ገብቶ አየ። አበባው አንገቱን ደፍቷል። በርሜሉ ባዶ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከመኪናው የያዘውን ውሃ አንጠፍጥፎ አጠጣው። ማክሰኞ እስኪደርስ ከማዶ ሰፈር ጀሪካን በትከሻው አመላለሰ። እማማ አትጠገብ ከተቀመጡበት አይተውት፣ «ላምስ ጠጥታ ወተት ትሰጣለች፤ ይሄ ምን ሊሰጥህ ነው?» አሉት። ጀሪካኑን አስተካክሎ አለፈ።

ስልኳን ሞከረ። እናቷ አገር ኔትወርክ አይገባም። ነገ ትመጣለች ብሎ ጠበቀ። ከነገ ወዲያ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። በአምስተኛው ቀን የስምሪቱ ሰው ደወለለት።

«ጭነት ተዘጋጅቶልሃል። ነገ ሌሊት ትነሳለህ።»

«አልችልም፤ አበባ አለብኝ።»

«አበባ ደግሞ ማናት?» ብሎ ሳቀበት ሰውዬው።

«የሚያጠጣው ሰው የለም ነው የምልህ» አለ ሹፌሩ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱ ጆሮ ደረሰው። ስልኩን ዘጋ።

መስኮቱ አጠገብ አንዲት ወንበር አለች። ሁልጊዜ እዚያው ናት፣ እሱ ግን ለምን እዚያ እንደምትቀመጥ አስቦት አያውቅም ነበር። አሁን ተቀመጠባት። ከዚያ አበባውም መንገዱም ይታያል። እሱ የመኪና ድምፅ ያውቃል፤ የትኛው ባዶ እንደሆነ፣ የትኛው እንደጫነ ከሩቅ ይለየዋል። አሁን ግን የሚያዳምጠው ባጃጅ ብቻ ሆነ። ባጃጅ ከመታጠፊያው ላይ ፍጥነት ሲቀንስ ብድግ ይላል። ሲያልፍ ይቀመጣል። አንዱ ቆመ። የወረደው ሽንኩርት የተሸከመ ሰው ነው። ያን ቀን ከሰዓት ሰባት ጊዜ ተነሥቶ ሰባት ጊዜ ተቀመጠ። እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ጊዜ እንደተነሣች ማሰብ ጀመረና፣ አልገፋበትም፤ ከበደው።

ትራሷን አገላብጦ አሸተተ፤ ቅባቷ አለበት። ነጠላዋ ከበሩ ኋላ ተንጠልጥሏል። ቤቱ ውስጥ የጎደለ ዕቃ የለም፤ የጎደለችው እሷ ናት። በረሃ ላይ ሲናፍቃት አንድ ነገር ያጽናናው ነበር፤ እቤት እንዳለች ያውቃል። አሁን እሱ እቤት ነው፣ የሚያጽናናውም ነገር የለም።

በአሥራ አንደኛው ቀን አካፋ አነሳ። ሃይድራንጃውን ከነአፈሩ ነቀለው፣ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ከተተውና ለእማማ አትጠገብ ወስዶ ደጃፋቸው ጥላ ላይ አኖረው።

«ቢከብድዎት ይንገሩኝ» አላቸው።

«እኔ እንደሆነ ከዚህ የትም አልሄድ። የዕቃ እጣቢውን ከተቀመጥኩበት እደፋለታለሁ። እኔም የማየው አገኘሁ» አሉት። ጀሪካኑን ወደ እግራቸው ሳብ አደረጉት።

በነጋታው ወደ ደጋው ሄደ። ከመኪና መንገድ ወርዶ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ አለ። የአማቱ አጥር ከሩቅ ነጭ ሆኖ ታየው። ቀጋው አብቧል፤ አምስት አምስት ቅጠል ያለው ስስ ነጭ አበባ፣ ንብ ይርመሰመስበታል። አጥሩ ሥር ያለው መሬት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያጠጣው ሰው የለም። ሹፌሩ ቤት እንኳ ሳይገባ፣ ሰላምታም ሳያቀርብ፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያገኘውን መቆፈሪያ አንሥቶ አንዱን ሥር መቆፈር ጀመረ። እሾሁ እጁን ቦጫጨቀው። መሪ እንጂ መቆፈሪያ የለመደ እጅ አይደለም።

ሚስቱ ከኋላው ቆማ ኖሯል።

«አበባውስ?» አለችው።

«እቤቱ ለሚውል ሰው ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለእማማ አትጠገብ።»

እጁን አየች። ደም አለበት። «ምን እያደረግህ ነው?»

«ቀጋ ልወስድልሽ። መስኮቱ ሥር ልተክለው።» ሊመልሳት እንደመጣ ሊነግራት ፈልጎ ነበር፤ ያን ግን አፉ አላወጣውም።

መቆፈሪያውን ከእጁ ወሰደችው። ይሄ የመጨረሻው ነው፣ አባረረችኝ ብሎ አሰበ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ የቆፈረውን አፈር መልሳ አለበሰችው፣ በእግሯም ጠቀጠቀችው።

«ቀጋ በበጋ አይነቀልም» አለችው። «ልትገድለው ነው። ለመሆኑ ማን አስቸኮለህ? እናቴ በእግሯ እስክትቆም እዚህ ነኝ። ሰኔ ላይ ዝናብ ሲጥል ሥሩን ይዤ እመጣለሁ። አንተ ጉድጓዱን አዘጋጅ።»

«ሰኔ ሰባት ወር ነው» አለ።

«አዎ» አለች። «ሰባት ወር ነው።»

ተመለሰ። ጉድጓዱን አዘጋጀ። ወደብ ወረደ፣ ተመለሰ፣ ወረደ። በየመጣበት የሚጠብቀው መስኮቱ ሥር አፉን የከፈተ ባዶ ጉድጓድ ብቻ ነበር። ነፋስ አፈር ሲመልስበት እንደገና ያወጣል። ጎረቤት «መቃብር ነው እንዴ?» እያለ ቀለደበት። በዚያ ሰባት ወር ሰውዬው ከሃያ ዓመት ሹፍርና ያላወቀውን የመንገድ ርዝመት አወቀ።

መጣች ወይ ልትለኝ ነው። መጣች። ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ የቀጋውን ሥር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ በባጃጅ መጣች። እሱ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ነበር። ራሷ ተከለችው። ከዚያ ወዲህ ሲያሰኛት እናቷ ዘንድ ትሄዳለች፣ ትመጣለች። ቀጋው ቆሞ ይጠብቃታል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ሃይድራንጃ ክፉ ነው አላልኩህም። ጥላና ውሃ ካገኘ ወራት ሙሉ ያበባል፤ ሰው የማይለየው ቤት ካለህ ውሰደው፣ አትጸጸትም። ቀጋም ቅዱስ አይደለም። ይወጋል፣ ካልገረዝከው ግቢህን ይወርሳል፣ አበባውም ቶሎ ይረግፋል። ግን ብትሄድም ይኖራል። አንተ የመንገድ ሥራ ኦፕሬተር ነህ፤ ማሽንህ ካለበት ነው ኑሮህ። ልታገባም ነው ብለውኛል። ቀኑን ሙሉ ደጅ የሚውል ሰው ሃይድራንጃ ሲተክል፣ መሬት ውስጥ የሚቀብረው አበባውን አይደለም፤ አጠጪዋን ነው። እሷም የምትደርቀው ከአበባው በኋላ ስለሆነ ቶሎ አይታይህም።

ስለዚህ ዛሬ አልሸጥልህም። ሂድና ልጅቷን «የት የት መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ብለህ ጠይቃት፤ የነገረችህን ይዘህ ስትመጣ ችግኙን እኔ እመርጥልሃለሁ።