ገብስማ ዶሮና ታች የጠፋበት አገር

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሯችሁን ወዲህ! «እንስማ» በሉኝ እንጂ፣ ዝም ካላችሁማ ለማን ላውራ? እህ፣ እንደሱ ነው።

ድሮ፣ ኮከብ ከዶሮ ጋር በሚያወራበት ዘመን፣ እመት ገብስማ የምትባል ዶሮ እንቁላሎቿን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ሊፈለፈሉላት ምንም አልቀራቸውም። ባሏ አያ ኩኩሉ ክንፉን እያራገፈ መጣ።

«ተነሽ! ፀሐይ ቤቷ ጠርታኛለች። በየማለዳው ስለምቀሰቅሳት ልታመሰግነኝ ነው» አላት።

«እንቁላሎቼስ?»

«ብቻዬን ብሄድ ሚስቱ አኩርፋበት ነው ይሉኛል። ደርሰን እንመለሳለን።»

ምን ታድርግ? ጎረቤቷን እመት ቆቅን ለመነቻት።

«እሺ፣ እታቀፍልሻለሁ» አለች እመት ቆቅ። «ግን የራሴን እንቁላሎች ባሌ ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት፤ እሱ ደግሞ ቁጭ ማለት አያውቅም። የዋርካው ጥላ ደጃፍሽን ሲነካ እነሳለሁ። እንዳትቀሪብኝ እህቴ!»

ጅራታም ኮከብ እንደ በቅሎ ደጅ ቆሞላቸው ነበር፤ ጀርባው ላይ ወጡ። ሽው! ደመናውን አለፉ፤ ሰማዩንም አለፉ። አያ ኩኩሉ ወዲያ ያያል፣ ወዲህ ያያል። «አይ ጨረቃ! አይ ከዋክብት! እዪ እንጂ አንቺ!» ይላታል። እመት ገብስማ ግን ዓይኗን ከቤቷ አልነቀለችም። ኮከቡ ሲገለባበጥ ሰውነቷ አብሮ ይገለባበጣል፤ ራሷ ግን ወደ እንቁላሎቿ እንዳቀና ነው።

«አንገትሽ ደረቀ እንዴ?» ብሎ ሳቀባት።

ፀሐይ ቤት ደረሱ፤ አያ ኩኩሉ ተመሰገነ፤ ጥሬም ተበተነለት። እንመለስ ሲሉ ጊዜ ግን ጉድ ፈላ። ምድር የጤፍ ፍሬ አክላ፣ እንደ ጤፍ ከተበተኑት ከዋክብት ሁሉ ጋር ተቀላቅላለች። የትኛዋ ናት? ማን ይለያታል!

«እኔ መሄድ አይገደኝም፤ መንገዱን ብቻ ንገሩኝ» አለ ጅራታሙ ኮከብ።

«ወደ ታች!» አለ አያ ኩኩሉ።

«ታች የቱ ነው?»

«ከእግሬ ሥር ነዋ!»

ኮከቡ በአያ ኩኩሉ እግር በኩል ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ቢደርሱ ጨረቃ ሆና ተገኘች፤ አመድ በአመድ! ባልና ሚስቱም ተንሳፍፈው ይጨቃጨቁ ጀመር።

«ተዘቅዝቀሻል፤ ቀና በይ!»

«አንተ ነህ የተዘቀዘቅኸው!»

«አትጣሉ» አለች ጨረቃ። «እዚህ አገር፣ ላይም የለ፣ ታችም የለ። ታች ያላችሁት የቤታችሁን ነው፤ እሱ ደግሞ እዚያው ቀርቷል።»

እመት ገብስማ ዋርካውን አሰበች። ይሄኔ ጥላው የት ደርሶ ይሆን?

«እንግዲያው ወደ ምሥራቅ፣ ፀሐይ ወደምትወጣበት!» አለ አያ ኩኩሉ።

ኮከቡ ሳቀ። «እዚህ እኮ ወጥታም ጠልቃም አታውቅም።»

«በቃ፣ ወደ ቀኝ!»

ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ኮከቡ ተገለበጠ፤ ቀኙ ግራ ሆነ። ዞረው፣ ዞረው፣ ዞረው...

«ደግሞ መጣችሁ?» አለች ጨረቃ።

የአያ ኩኩሉ ቀይ የአናቱ ኩክኒ ዘንበል አለ። «ገብስሜ... ጠፋን» አላት።

«ልጆቼ ቀዘቀዙብኝ!» ብላ ራሷን ክንፏ ሥር ልትቀብር ስትል፣ ኮከቡ ጮኸ።

«እንዳትነቃነቂ! ይህን ሁሉ ስገለባበጥ ምንቃርሽ ከአንድ ቦታ አልተነሳም። ምን እያየሽ ነው?»

«እንቁላሎቼን።»

«ይታዩሻል?»

«ኧረ ከየት ታይተውኝ! ግን እዚያ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ አያ ኩኩሉ።

«አንተ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ ስትል መች ቀዳዳ አገኘሁ!»

ኮከቡ ምንቃሯን ተከትሎ ነጎደ። አያ ኩኩሉም ራሷ እንዳይነካባት ክንፉን ሰብስቦ፣ ጭጭ ብሎ ተቀመጠ። የጤፍ ፍሬዋ ሽምብራ አከለች፤ ሽምብራዋ ዱባ አከለች። ዋርካው ታየ፤ ቤቱ ታየ። ጥላው ደጃፉን ነክቷል! እመት ቆቅ አንድ እግሯን አንስታለች።

«መጣሽልኝ? ባሌ እኮ እየጮኸ ነው፤ ልነሳ ነበር!»

«ኑሪልኝ እህቴ!» ብላ እመት ገብስማ ሰተት ብላ ገባች። ደረቷን አሳረፈች። እንቁላሎቹ ሞቀው ነበር። እፎይ! ዓይኗን እንደጨፈነች ከሥሯ አንድ ነገር ቅርፊቱን ቆረቆረ፤ «ጲው!» አለ።

አያ ኩኩሉም እፎይ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። «ልጆቻችን በአንገት አንቺን ይምሰሉ» አላት።

ለዚህ ነው፣ ዶሮ ይዛችሁ ሰውነቷን ብታወዛውዙ ራሷ ንቅንቅ የማይለው። ነገ ሞክሩት፤ ቀስ ብላችሁ ታዲያ፣ እንዳታስጮኹብኝ! እናንተም ላይና ታቹ፣ ቀኝና ግራው ሲጠፋባችሁ አትደንግጡ ልጆቼ። የምትወዱት የት እንዳለ ካወቃችሁ መንገዱ ከዚያ ይጀምራል።

እሷ ቤቷ ገባች፤ ተረቴም ቤቱ ገባ፤ እናንተም ወደ መኝታችሁ!