አልወልቅ ያለው ቦት ጫማ

ግራዝማች አጥናፌ በሚያዝያ ሐሩር ቆላ ሲወርዱ፣ ለክብራቸው ብለው ጉልበት ድረስ የሚውጥ ቦት ጫማ ተጫሙ። ወንዝ ለመሻገር ሊያወልቁት ቢሞክሩ እግራቸው አብጦ ጫማው እንቢ አለ። ሁለት አሽከሮች ተንበርክከው ይጎትቱ ጀመር። አንድ መንገደኛ ግን ሸበጡን ከእግሩ ሾለክ አድርጎ በእጁ ያዘ። ግራዝማች ይህን ሲያዩ ደማቸው ፈላ።

«አንተ! ከኔና ካንተ ጫማ የቱ ይበልጣል? ያንተ ካልክ ትገረፋለህ፤ የኔ ካልክ ሸበጥህን ወንዙ ውስጥ ትጥላለህ!»

መንገደኛው እጅ ነሳ።

«የእርስዎ ይበልጣል እንጂ ጌታዬ! የእርስዎ ጫማ ጌታ ነው፤ ሁለት ሰው ተንበርክኮ እየለመነው እንኳ ንቅንቅ አላለም። የኔው ምስኪን አሽከር ነው፤ ውጣ ስለው ይወጣል፣ ግባ ስለው ይገባል። አሽከር ደግሞ ያለ ጥፋቱ አይጣልም። እንግዲህ እርስዎ ጌታዎ እስኪፈቅድልዎ ይጠብቁ፤ እኔ አሽከሬን ይዤ ልሻገር።»